ግሬስ ሆፐር፤ ኮድ መዋዋስን ሥርዓት ያስያዘችው አድሚራል

ድረ ገጽ የሚሠራ ወዳጅ ያላችሁ አንባቢያን አንድ ነገር ሳታስተውሉ አትቀሩም። ባለሙያው ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጦ ቢውልም፣ ከሚያስረክበው ሥራ አብዛኛውን ከባዶ ተነሥቶ አይጽፈውም። ቀን የሚመረጥበትን ሰሌዳ አንዱ ጽፎታል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠውን ክፍል ሌላው ጽፎታል፤ ፎቶግራፎቹን በየተራ የሚያሳየውን ደግሞ ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው ጽፎታል። የእርሱ ድርሻ የሚስማማውን ቁራጭ ኮድ ፈልጎ ማምጣት፣ ከሥራው ጋር ማስማማትና ማገጣጠም ነው። ይህን የሰማ የሌላ ሙያ ሰው የፈተና መኮራረጅ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የኮምፒዩተር ሙያ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ የቆመው በመዋዋስ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ መዋዋስና መዋዋስ ይለያያል። በ1940ዎቹ አንድ ፕሮግራመር የባልደረባውን ሥራ ሲፈልግ ደብተር ይዋስና በእርሳስ ይገለብጥ ነበር። ሲገለብጥም ይስታል። የሳተው አንዲት ምልክት ከሆነች ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ አድሮ ጠዋት የተሳሳተ መልስ ያስረክባል። ይህን ችግር ከቀረቡት ሰዎች መካከል ተቀምጣ ያየች፣ መፍትሔውንም ፈልጋ ያገኘች፣ ከዚያም ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ለማሳመን የደከመች አንዲት የሒሳብ መምህርት ነበረች። ስሟ ግሬስ ሆፐር ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን የሕይወት ታሪኳን ይቃኛል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰባት ሰዓት የፈታታች ልጅ

ግሬስ ብሩስተር መሪ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። አባቷ በኢንሹራንስ ሥራ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። እናቷ ሒሳብ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ግሬስ ናት። ቅድመ አያቷ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ የባሕር ኃይል ሰው ስለነበሩ፣ ስለ መርከብና ስለ አድሚራል የሚወራ ወሬ ለልጅቷ እንግዳ አልነበረም።

ሰባት ዓመት ሲሆናት ያደረገችው ነገር በቤተሰቡ ውስጥ ሲወራ ኖሯል። የማንቂያ ደወል ያለው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈለገችና አንዱን ፈታታችው። መልሳ መግጠም ሲያቅታት ለማስተያየት ሁለተኛውን ፈታች። እርሱም አልገጥም ሲላት ሦስተኛውን ቀጠለች። እናት ደርሰው ሲያዩ በበጋ ማረፊያ ቤታቸው ያሉት ሰባት ሰዓቶች በሙሉ ተፈታተው ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንድትፈታ የተፈቀደላት አንድ ሰዓት ብቻ ሆነ።

አባቷ በደም ሥር ሕመም ምክንያት እግሮቻቸው ተቆርጠው ነበር። ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ ሴት ልጆቻቸውም እንደ ወንድ ልጃቸው ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ አጥብቀው ይሹ ነበር። ቫሳር ኮሌጅ መጀመሪያ አልተቀበላትም፤ የላቲን ፈተና ወድቃለች። በዓመቱ ገባች። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀች፤ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባለ የሥነ ጽሑፍ መምህር አግብታ ነበር። ትዳሩ በ1945 በፍቺ ቢያበቃም ስሙን እስከ ዕለተ ሞቷ ይዛው ኖራለች።

ክብደቷ ያልሞላው መኮንን

ከ1931 ጀምሮ ቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ታስተምር ነበር። በታኅሣሥ 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደብድባ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ግሬስ ከጥቁር ሰሌዳ አጠገብ መቆም አላስቻላትም። ባሕር ኃይል ልግባ ብላ ብትጠይቅ አይሆንም ተባለች። ዕድሜዋ ከ30 ዓመት በልጧል፤ ክብደቷ ከዝቅተኛው መጠን ወደ 7 ኪሎ ገደማ ያንሳል፤ የሒሳብ መምህርነትም ለጦርነቱ የሚያስፈልግ ሲቪል ሥራ ነው። እርሷ ግን ነገሩን በዚህ አልተወችውም። የክብደቱን ጉዳይ በልዩ ፈቃድ አስነሥታ በታኅሣሥ 1943 ተጠባባቂ ባሕር ኃይል ውስጥ ገባች። የመኮንንነት ሥልጠናውንም ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨረሰች።

በሐምሌ 1944 የተመደበችበት ቦታ መርከብ አልነበረም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ሃዋርድ ኤይከን የተባለ ኮማንደር የሚያዝበት ማሽን ቆሟል። ማርክ ዋን ይባላል። ርዝመቱ ከ15 ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ቶን ይበልጣል። በሴኮንድ ሦስት ድምር ይደምራል፤ አንድ ማባዛት 6 ሴኮንድ ያህል፣ አንድ ማካፈል 15 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ በኪሳችን ከያዝነው ስልክ ጋር ሲነጻጸር የሚያስቅ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሰዎች በእጅ ለወራት የሚያሰሉትን በቀናት ይጨርሳል። ትዕዛዙን የሚቀበለው በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ ከተበሱ ቀዳዳዎች ነው።

እርሷ በኋላ እንደተረከችው፣ ከመምጣቷ በፊት ሁለቱ ወጣት መኮንኖች ከዚያች ሸምገል ካለች መምህርት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ እንዳይደርሳቸው ይደራደሩ ነበር። ኤይከን ደግሞ እንደደረሰች ማሽኑን አሳያትና አንድ ከባድ ስሌት ሰጥቶ የማስረከቢያውን ቀን ነገራት። ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም መጽሐፍም አልነበረም። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ የማዘጋጀቱ ሥራ የወደቀው በእርሷው ላይ ነው። መጽሐፉ በ1946 ሲታተም ከ500 ገጽ በላይ ነበር።

ከደብተር ወደ ደብተር

ወደ ዋናው ጉዳያችን የምንገባው እዚህ ላይ ነው። ማርክ ዋን ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይሠራል። ባሕር ኃይሉ የመድፍ ተኩስ ሰንጠረዥ ይፈልጋል፤ ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን የአቶሚክ ቦምቡን የሚመለከት ስሌት ይዞ ይመጣል። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሪቻርድ ብሎክ፣ ሮበርት ካምቤልና ግሬስ ሆፐር ናቸው። ሥራው ሲደራረብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነላቸው። ችግሮቹ የተለያዩ ቢሆኑም በውስጣቸው የሚደጋገሙ ቁራጮች አሉ። አንዱ ሥራ የሳይን ስሌት ይፈልጋል፤ የሚቀጥለውም ይፈልጋል። ታዲያ ብሎክ ትናንት ጽፎ የሞከረውን ዛሬ ሆፐር እንደገና ለምን ትደክምበታለች?

ስለዚህ እያንዳንዳቸው ደብተር ያዙ። የሠራ፣ የተፈተነ ቁራጭ ሲገኝ በደብተሩ ላይ ይጻፋል። የሚፈልገው ሰው ደብተሩን ተውሶ ወደ ራሱ ሥራ ይገለብጠዋል። እነዚህ ቁራጮች ሳብሩቲን ይባላሉ፤ አንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ የሚሠራ አጭር የፕሮግራም ክፍል ማለት ነው። ዛሬ የድረ ገጽ ባለሙያዎች በየቀኑ ከሚለዋወጧቸው ቁራጭ ኮዶች ጋር በዓላማ አንድ ናቸው።

የብራና መጻሕፍት እንዴት እንደተገለበጡ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህ አሠራር ችግር የት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። አንዱ ጸሐፊ የሳታትን ቃል ከእርሱ የሚገለብጠው ይወርሳታል፤ የራሱንም ስሕተት ይጨምርባታል። በሦስተኛው እጅ የትኛው የመጀመሪያው ቃል እንደነበረ መለየት ያስቸግራል። ለሰው አንባቢ ግን ይህ እምብዛም አያውክም፤ ካህኑ ግድፈቱን በልቡ አርሞ ያነብበዋል። ማሽን እንዲህ ያለ ልብ የለውም። የተሰጠውን እንዳለ ይፈጽማል።

እግረ መንገዳችንን ስሟ በተነሣ ቁጥር የሚወራውን የነፍሳቷን ነገር እናንሣ። መስከረም 9 ቀን 1947 የማርክ ቱ ኮምፒዩተር ሠራተኞች ማሽኑ ውስጥ የገባች የእሳት ራት አግኝተው በመመዝገቢያ ደብተሩ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። ደብተሩ ዛሬም በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም አለ። የሶፍትዌር ስሕተት ነፍሳት የሚል ስም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፣ ነፍሳቷንም ያገኘችው ሆፐር ናት ይባላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቃሉን መሐንዲሶች ከዚያ በፊት ለአሠርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ነፍሳቷንም ያገኙት ሌሎች ናቸው። ሆፐር ያደረገችው ታሪኩን በየመድረኩ እየደጋገመች ማውራት ነው። ማውራትም ታውቅበት ነበር።

ማሽኑ ራሱ ይገልብጥ

በ1949 የሃርቫርድ ቆይታዋ አበቃ። ከዚያም ፊላደልፊያ ወደሚገኘው፣ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ይሠራ ወደነበረው ወደ ኤከርትና ሞክሊ ኩባንያ ሄደች። ድርጅቱ ገንዘብ አጥሮት በቋፍ ላይ የነበረ ሲሆን በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ገዛው። ለእርሷም ጊዜው የመልካም ጊዜ አልነበረም። ጦርነቱ አልቋል፣ ትዳሯ ፈርሷል፣ ሃርቫርድም ሸኝቷታል። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ጸሐፊዎች በእነዚያ ዓመታት ከመጠጥ ጋር ብርቱ ትግል እንደነበረባት ጽፈዋል። ወዳጆቿ ደግፈዋታል፤ ሥራው ደግሞ መልሶ አቆማት።

ዩኒቫክ ከማርክ ዋን እጅግ የፈጠነ ነው፤ በሰዓታት የሚለካውን በደቂቃዎች ይጨርሳል። ታዲያ ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር የሰዎቹ ዝግታ ጎልቶ ወጣ። አንድን ስሌት ማሽኑ በደቂቃዎች ሊጨርሰው፣ ፕሮግራሙን ለመጻፍና ስሕተቱን ለመልቀም ሳምንታት ይፈጃሉ። ሆፐር የስሕተቶቹን ምንጭ ስትመረምር ሁለት ነገር አገኘች። ሰው መገልበጥ አይችልም፤ ሰው መደመርም አይችልም።

የመገልበጡ ነገር እንዲህ ነው። በዩኒቫክ ባዶ ቦታን ለማመልከት ዴልታ የተባለችውን ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ይጽፋሉ። በችኮላ የተጻፈች ዴልታ 4 ቁጥርን ትመስላለች። ሁለት ጎኑ ተለያይቶ የተጻፈ የላቲኑ ቢ ፊደል ደግሞ 13 ሆኖ ይነበባል።

መደመሩ ከዚህ ይብሳል። በማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። በደብተር ላይ ያለ ሳብሩቲን የሚጻፈው ከዜሮ ጀምሮ ነው። ቁራጩ በአዲሱ ፕሮግራም ከ300ኛው ቦታ ጀምሮ እንዲገባ ከተፈለገ፣ በውስጡ በተጠቀሰው በእያንዳንዱ የቦታ ቁጥር ላይ 300 መደመር ግድ ነው። የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው ተቀምጦ ቀላል ድምር ሲደምር ይውላል፤ ሲደክመውም ይስታል።

የሆፐር ሐሳብ ከዚህ ወጣ። መገልበጥና መደመር ማሽን የሚሳካለት ሥራ ነው፤ እንግዲያስ ለማሽኑ እንስጠው። የተፈተኑት ሳብሩቲኖች በሙሉ በማግኔቲክ ቴፕ ላይ ይቀመጡ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ፕሮግራመሩ የሚፈልጋቸውን በመለያ ቁጥራቸው በቅደም ተከተል ይዘርዝር። ኮምፒዩተሩ ዝርዝሩን እያነበበ ከቴፑ ላይ ይፈልጋል፣ ይገለብጣል፣ የቦታ ቁጥሮቹን ያስተካክላል፣ ሁሉንም አገጣጥሞ ያለቀ ፕሮግራም ያወጣል። ይህን የሚሠራውን ፕሮግራም ኤ-ዜሮ ብላ ሰየመችው። የጀመረችው በ1951 ሲሆን በግንቦት 1952 ፒትስበርግ ላይ በተደረገ የሙያ ማኅበር ስብሰባ ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበች። ኮምፓይለር የሚለውን ስም ለዚህ ዓይነት ፕሮግራም ያወጣችለትም እርሷ ናት። ሥራው የዛሬው ኮምፓይለር ከሚሠራው ይልቅ ቁራጮችን ወደ ማገጣጠሙ ያደላ ነበር።

እዚህ ላይ ለሌሎችም ድርሻቸውን መስጠት ተገቢ ነው። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል ኤድሳክ ለተባለው ኮምፒዩተራቸው የሳብሩቲን ስብስብ አደራጅተው በ1951 መጽሐፍ አሳትመዋል። ቀደም ሲል የኢኒያክ ፕሮግራመር የነበረችው ቤቲ ሆልበርተን ደግሞ ራሱ ሌላ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም አዘጋጅታ ነበር፤ ለሆፐር ይቻላል የሚለውን እምነት የሰጣት ይህ ሥራ ነው።

ተሰብሳቢዎቹ ግን በጭብጨባ አልተቀበሏትም። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ማስላት ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ የሰው ሥራ ነው አሏት። ከዚህ መልስ ጀርባ የቴክኒክ ጥርጣሬ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የማሽኑን ቋንቋ የሚያውቁት ሰዎች እጅግ ጥቂት ነበሩና የምሥጢሩ ጠባቂዎች ሆነው ይታዩ ነበር። የራሱን ደብተር ቆልፎ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። ሁሉም የሚደርስበት ቴፕ ሲመጣ ክብሩ የሚቀንስ መሰለው።

ለደንበኞች የተላከው ቴፕ

የሆፐርን ሐሳብ ያጸናው ክርክር ሳይሆን ሥራው ነው። ኤ-ዜሮን አሻሽላ ኤ-1ን፣ ከዚያም ኤ-2ን ከባልደረቦቿ ጋር ሠራች። በ1953 መጨረሻ ኤ-2ን ዩኒቫክ ለገዙ ደንበኞች ስትልክ፣ ዋናውን የፕሮግራም ጽሑፍ አብራ ላከችላቸው። ያሻሻላችሁት ነገር ካለ መልሳችሁ ላኩልን የሚል ግብዣም ነበረው። ዛሬ ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ሶፍትዌር ለሚባለው አሠራር ይህ ከመጀመሪያዎቹ ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ይህ ምን ለወጠ? በደብተሩ ዘመን ቁራጩን የተዋሰ ሰው የሚወስደው ግልባጩን ብቻ ነበር። ባለቤቱ በማግሥቱ ስሕተት አግኝቶ ቢያርም፣ የተዋሰው አይሰማም። በቴፑ ዘመን ግን ቁራጩ ስምና አድራሻ አለው። አንዱ ያገኘው ስሕተት አንድ ቦታ ይታረማል፤ የታረመው ቴፕ ለሁሉም ይደርሳል። የድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተረት የሚሠራው ድሮቹ በአንድ ላይ ሲገመዱ ነው፤ ተበታትነው የተቀመጡ ድሮች አንበሳውን ቀርቶ ጥጃም አያስሩም። በ1955 የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎችም ሼር የሚል ስም ያለው ማኅበር መሥርተው ፕሮግራሞቻቸውን እርስ በርስ መለዋወጥ ጀመሩ። ሐሳቡ ከአንድ ኩባንያ አጥር ወጥቷል ማለት ነው።

ፈረንሳይኛ ያስደነገጣቸው አለቆች

ሆፐር በዚህ አላቆመችም። ደሞዝ የሚያሰላ፣ ዕቃ የሚቆጥር የቢሮ ሰው የሒሳብ ምልክት መማር የለበትም፤ በለመደው የእንግሊዝኛ ቃል ይዘዝ አለች። በ1953 ለአለቆቿ ሐሳቡን ስታቀርብ ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አይገባውም ተባለች። ከባልደረቦቿ ጋር ትንሽ ሞዴል ሠርታ አሳየች። ማሽኑ ከቋንቋ የሚያውቀው የምልክቶችን ቅርጽ ብቻ መሆኑን ለማስረዳትም ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት አስኬደችው። ነገሩ ተገለበጠባት። አለቆቹ በአሜሪካ የተሠራ ጨዋ ኮምፒዩተር እንዴት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይናገራል ብለው ደነገጡ። እንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል ገብታ ለማረጋጋት ወራት ፈጀባት። ፍሎማቲክ የተባለው ቋንቋ ከዚህ ወጣ፤ በ1958 ለደንበኞች ቀረበ።

ቀጣዩ ችግር ከዚህ የሰፋ ነበር። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር አምራች የራሱ ቋንቋ አለው። ለአንዱ ማሽን የተጻፈ ሌላው ላይ አይሠራም። በግንቦት 1959 በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር በፔንታገን የመንግሥት፣ የአምራቾችና የተጠቃሚዎች ተወካዮች ተሰብስበው አንድ የጋራ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ኮቦል የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። የኮቦል እናት እየተባለች ብትጠራም፣ ቋንቋውን የነደፈው ኮሚቴ ነው፤ ጂን ሳሜትን የመሰሉ ባለሙያዎች ደክመውበታል። የሆፐር ድርሻ አማካሪነቷና ለቋንቋው ዋና መሠረት የሆነው ፍሎማቲክ ነው። በታኅሣሥ 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም ያለ ብዙ ለውጥ አር.ሲ.ኤ. እና ሬሚንግተን ራንድ በሠሯቸው ሁለት የተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ሠራ።

የዚህን ትርጉም ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የአማርኛ ሶፍትዌር በተጀመረባቸው ዓመታት እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን የፊደል አቀማመጥ ይዞ ወጣ። አንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ሲከፈት የምልክት ትርምስ ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው አማርኛችን ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ሳይበላሽ መሻገር የጀመረው። የጋራ ደረጃ ከሌለ መዋዋስ የለም።

ጡረታ ያልተመቻት አድሚራል

በ1966 ባሕር ኃይሉ በዕድሜ ምክንያት በኮማንደርነት ማዕረግ በጡረታ አሰናበታት። በሰባት ወሯ ተመልሳ ተጠራች። ለስድስት ወር የተባለው ጥሪ መጨረሻው የማይታወቅ ሆኖ ተራዘመ። ሥራዋ በባሕር ኃይሉ ውስጥ ያለው ኮቦል በሙሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነበር። አምራቾች ሁሉ ኮቦል አለን ይላሉ፤ ግን የአንዱ ከሌላው ይለያል። እርሷና ቡድኗ የእያንዳንዱን አምራች ኮምፓይለር የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ፈተናውን ያላለፈ ዕቃ ቃሉን አልጠበቀም ማለት ነው። ካለ መፈተኛ የወጣ ደረጃ ወረቀት ብቻ እንደሆነ የተረዳችው ከልምድ ነው።

በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆነች፤ የማዕረጉ ስም በ1985 ሲለወጥ ሪር አድሚራል ተባለች። ቢሮዋ ውስጥ ወደ ኋላ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ሰቅላ ነበር። ከለመዱት ውጭ አንሠራም ለሚሉ ሰዎች፣ ሰዓት ወደ ግራም ቢዞር ያው ሰዓት መሆኑን ታሳይበታለች። ለተማሪዎችና ለጄኔራሎች ንግግር ስታደርግ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ የስልክ ሽቦ ቁርጥራጮች ታድል ነበር። ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ጊዜ ውስጥ ሊሄድ የሚችለው ትልቁ ርቀት ይህን ያህል ነው። በእጅ የማይጨበጠውን ነገር በእጅ ማስጨበጥ የመምህርነት ሙያዋ ነው።

ነሐሴ 14 ቀን 1986 ቦስተን ወደብ ላይ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊ መርከብ ላይ በክብር ስትሰናበት 79 ዓመቷ ነበር። በወቅቱ በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ካሉ መኮንኖች በዕድሜ የሚበልጣት አልነበረም። ከዚያም በኋላ ቤቷ አልተቀመጠችም፤ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በአማካሪነት ሠራች። ጥር 1 ቀን 1992 በ85 ዓመቷ አርፋ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበረች። ባሕር ኃይሉ አንድ የጦር መርከብ በስሟ ሰይሟል። በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ከሞቷ በኋላ ሰጥተዋታል። በ2017 ዬል ዩኒቨርሲቲ ከኮሌጆቹ አንዱን በስሟ ጠርቶታል።

ደብተሩ ዛሬም አልተዘጋም

ሜዳልያውና መርከቡ ይሁንና፣ የሆፐር ሥራ ዛሬ የሚገኘው በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነው። የዘመኑ የድረ ገጽ ባለሙያ የሚፈልጋቸውን የኮድ ጥቅሎች በስማቸው ይዘረዝራል፤ ኮምፒዩተሩ ከማከማቻው አምጥቶ ያገጣጥምለታል። ቴፑ ቀርቶ ኢንተርኔት ተተካ እንጂ አሠራሩ በመሠረቱ ኤ-ዜሮ ነው።

የደብተሩ ዘመን አደጋም አብሮ መጥቷል። በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራመር 11 መስመር ብቻ ያላትን፣ በጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ቦታ የምትጨምር ቁራጭ ኮድ ከጋራ ማከማቻው ላይ አነሣ። ይህችን ቁራጭ በቀጥታም ሆነ በእጅ አዙር የተዋሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አልገጣጠም አሉ፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች መዋሳቸውን እንኳ አያውቁም ነበር። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ ሎግፎርጄ በተባለ፣ በጎ ፈቃደኞች በሚንከባከቡት የጃቫ ኮድ ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ። የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ያ ኮድ በየትኛው ሥርዓታቸው ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ሲሯሯጡ ሰነበቱ። ኮቦልም አልሞተም። በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ የኒው ጀርሲ ግዛት የሥራ አጥ ክፍያ ሥርዓት ሲጨናነቅ አገረ ገዢው ኮቦል የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ይርዳን ብለው በይፋ ጠይቀዋል።

እነዚህ ሁሉ መዋዋስ ይቅር አያሰኙም። ሁሉም ከባዶ ቢጻፍ ስሕተቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ሆፐር ከሃርቫርድ ደብተሮች የተማረችው ሌላ ነው። የተዋሱት ነገር ስም ይኑረው፣ ከየት እንደመጣ ይታወቅ፣ የፈተሸው ይኑር፣ ሲታረም እርማቱ ለተዋሰው ይድረስ። ከአንድ ገጽ ላይ ቆርጦ ሥራው ውስጥ ለጥፎ የሚያልፍ ባለሙያ ፈጣን ኮምፒዩተር ይያዝ እንጂ ያለው በ1944ቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዴልታዋን 4 አድርጎ ገልብጧት ይሆናል፤ ጠዋት ሥራው ሲከፈት ይታወቃል።